አንዱ የት ነው? ስለ ፊልና ስለ ቢት ለባንድ ድራመሮች

ድምፃዊው የመጀመሪያውን ግጥም ሊጨርስ ነው። አዝማቹ ሊገባ አንድ ባር፣ ማለትም አንድ ዙር የምት ቆጠራ፣ ቀርቷል። ቤዝ ጊታሪስቱ ቀና ብሎ ወደ ድራሙ ያያል። ኪቦርዲስቱም ያያል። የሚጨፍረው ሰው ባያይም ሰውነቱ አንድ ነገር ይጠብቃል። በዚያች ባር ውስጥ ድራመሩ ከያዘው ቢት፣ ማለትም እየደጋገመ ከሚመታው ምት፣ ወጣ ብሎ የሚመታት ነገር ፊል ትባላለች። ሮል የሚሏትም አሉ። ቴምፖው (ፍጥነቱ) በደቂቃ 100 ምት ከሆነ ባለ አራት ምቷ ባር የምትፈጀው 2.4 ሰከንድ ነው። በዚያች 2.4 ሰከንድ ዘፈኑ ከፍ ሊል ይችላል። ሊወድቅም ይችላል።

በባንድ የሚጫወቱ ወጣት ድራመሮች ሁለት ነገር ደጋግመው ይነግሩኛል። አንዱ "ፊሎቼ ሁሌ አንድ ዓይነት ናቸው" የሚል ነው። ሌላው "ቢቴ ደረቀ፣ ነፍስ የለውም" የሚል። ብዙዎቹ መፍትሔውን ፍጥነት ውስጥ ይፈልጉታል። የፈጣን ድራመር ቪዲዮ ስልካቸው ላይ ይከፍታሉ። ያንን ሮል ለሳምንታት ይለማመዱና ስቴጅ ላይ ይዘውት ይወጣሉ። ሮሉ በትክክል ይመታል፣ ባንዱ ግን ይንገዳገዳል። ከብዙ ዓመት ጨዋታ በኋላ እኔ የማምነው ይህን ነው፦ ጥሩ ፊል የሚወለደው ከቢቱ ነው፣ የሚለካውም ቀጥሎ በሚመጣው ክፍል ነው።

ይህን የተማርኩት ሰርግ ላይ ነው። ገና ጀማሪ ነበርኩ። አዳራሹ ሞቋል፣ ሙሽሮቹ መሃል ገብተዋል። እኔም ሞቅ አለኝና ከስኔሩ፣ ከፊቴ ካለው ጯሂ ድራም፣ ተነስቼ ቶሞቹን፣ ዙሪያውን ያሉትን ድራሞች፣ ሁሉ ዞሬ ክራሹ ሲምባል ላይ አረፍኩ። ድምፃዊቷ ማይኩን ወደ አፏ አስጠግታ ዝም አለች። ግማሽ ባር አለፈ። ቤዙ አንድ ቦታ ገባ፣ ኪቦርዱ ሌላ ቦታ። እረፍት ስንወጣ ቀስ ብላ "ወንድሜ፣ አንዱ ጠፋኝ እኮ" አለችኝ። ቁጣ አልነበረባትም። እኔ ግን ያቺን ቃል እስካሁን አልረሳኋትም።

"አንዱ" ማለት የባሩ የመጀመሪያ ምት ነው። ሙዚቀኛ ሁሉ የሚሰበሰብባት ቦታ ናት። ድራመሩ ቢቱን ይዞ ሲሄድ ሁሉም አንዱን ያውቀዋል፣ ምክንያቱም ኪኩ (በእግር የሚመታው ትልቁ ድራም) እና ስኔሩ በየባሩ ይነግሩታል። ፊል ሲጀመር ግን ያ ምልክት ይጠፋል። ኪኩ ዝም ይላል፣ ስኔሩ ከቦታው ይለቃል፣ ሃይ ሃቱ፣ በእግር የሚከፈተውና የሚዘጋው ጥንድ ሲምባል፣ ይቆማል። ለዚያች ጊዜ ባንዱ በሙሉ በድራመሩ እጅ ላይ ተንጠልጥሏል። ስለዚህ የፊል የመጀመሪያ ሥራ "አንዱ እዚህ ጋ ይመጣል" ብሎ መንገር ነው። ሁለተኛ ሥራዋ የሚመጣው ክፍል ምን ያህል ጉልበት እንዳለው ማሳወቅ ነው። እየጨመረች የምትሄድ ፊል "አዝማቹ ሊፈነዳ ነው" ትላለች። እየቀነሰች የምትሄድ ፊል "አሁን ዝቅ እንላለን" ትላለች። ጉልበት ያላት ፊል ወደ ለስላሳ ግጥም ስትገባ ሰሚው ግራ የሚጋባው ለዚህ ነው። የተነገረው ሌላ፣ የመጣው ሌላ ይሆንበታል።

እንግዲህ ፊልን ከኋላ ወደ ፊት አስቡት። መጀመሪያ የት እንደምታርፉና በምን እንደምታርፉ ወስኑ። ከዚያ መንገዱን ፈልጉ።

ልምምዱ እንዲህ ነው። ሦስት ባር ቢት ምቱ፣ አራተኛው ላይ ፊል አስገቡ። ግን ሙሉውን ባር አትውሰዱ። የመጀመሪያውን ሳምንት ፊሏ የዚያ ባር አራተኛው ምት ብቻ ትሁን። ያንን ምት ለአራት ከፍላችሁ ስኔሩ ላይ አራት ቀላል ምት፣ ከዚያ አንዱ ላይ ማረፍ። በቃ። ይህ ለብዙ ሰው የሚያሳፍር ያህል ቀላል ይመስለዋል። ነገር ግን በሬዲዮ የምንሰማቸው ብዙ ዘፈኖች ላይ ያሉት ፊሎች ከዚህ አይረዝሙም። የምትወዱትን አንድ ዘፈን ክፈቱና ፊሎቹን በወረቀት ላይ ቁጠሩ። ርዝመታቸውንም ጻፉ። እኔ ይህን ሳደርግ አንዳንዱ ዘፈን ላይ ሙሉ ባር የወሰደ ፊል ጭራሽ አላገኘሁም። ያቺ የአንድ ምት ፊል ከተረጋጋች በኋላ ወደ ሁለት ምት አሳድጉት። ሙሉ ባር የመጨረሻው ነው።

አሁን ወደ ትልቁ ችግር። ፊል ላይ ለምን እንፈጥናለን?

ምክንያቱ ከአንድ በላይ ነው። ቢት ስንመታ ቀኝ እጃችን ሃይ ሃቱ ላይ ሆኖ እንደ ሰዓት ይቆጥርልናል። ፊል ስንጀምር ያ እጅ ሰዓቱን ትቶ ይሄዳል። ግራ እግራችንም ብዙ ጊዜ አብሮ ይቆማል። ሰውነታችን የሚቆጥርበት ነገር ያጣል። በዚያ ላይ ደስታው አለ፣ ሰው ሲያይህ ልብ ይመታል፣ እጅም ልብን ይከተላል። ስህተቷ በእያንዳንዷ ምት ላይ ትንሽ ናት። ስትደመር ግን ትልቅ ትሆናለች። በ100 ቴምፖ እያንዳንዱን ምት ለአራት ከፍላችሁ ስትመቱ በሁለት ትንንሽ ምቶች መካከል ያለው ጊዜ 0.15 ሰከንድ ነው። እያንዳንዷን ምት በ0.01 ሰከንድ ብቻ ብታስቀድሟት ጆሮ አይለየውም። ሙሉ ባር ላይ 16 ትንንሽ ምት አለ። 16 ጊዜ 0.01 ማለት 0.16 ሰከንድ ነው። አንዱ ላይ ስትደርሱ ከአንዷ ትንሽ ምት በላይ ቀድማችኋል ማለት ነው። ቤዙ ገና መንገድ ላይ ነው።

መድኃኒቱ ግራ እግር ነው። ፊል እየመታችሁ ሃይ ሃቱን በእግራችሁ በየምቱ መዝጋታችሁን አታቁሙ። መጀመሪያ ላይ እጅና እግር ይጣላሉ። ቴምፖውን ወደ 60 አውርዱትና ታገሱ። ሲሳካ ለባንዱም ምልክት ይሆናል፣ ቶም ላይ እየዞራችሁ እንኳ "ጪክ፣ ጪክ" የሚለው ድምፅ አንዱን ይጠቁማል። ሌላው መድኃኒት አፍ ነው። ፊሏን ሳትመቱ በፊት በአፋችሁ በሏት። ዱም፣ ታክ፣ ዱ-ዱ ታክ። በአፍ ያልወጣች ፊል በእጅም አትወጣም። ሦስተኛው ሜትሮኖም፣ ቴምፖ የሚቆጥረው መሣሪያ፣ ነው። ግን በየምቱ እንዲጮህ አታድርጉት። 100 ቴምፖ መጫወት ከፈለጋችሁ ሜትሮኖሙን 50 ላይ አድርጉትና ድምፁን ሁለተኛውና አራተኛው ምት ላይ እንዳለ አድርጋችሁ ያዙት። ሲለመድ 25 ላይ አውርዱት፣ ያን ጊዜ በባር አንድ ጊዜ ብቻ ይጮሃል። መካከሉን እናንተ ትሞሉታላችሁ። ስልኩን አጠገባችሁ አድርጋችሁ ቅዱት። ስንመታ የምንሰማውና ቀድተን የምንሰማው በጣም ይለያያል።

ጊዜው ከተረጋጋ በኋላ ነው ስለ ፊል ዓይነት ማውራት የሚያምረው። እዚህ ላይ ብዙ አዲስ ነገር መማር አያስፈልግም። አንድ የእጅ ቅደም ተከተል በብዙ ቦታ ይሠራል። ፓራዲድል የሚባለውን ውሰዱ። ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ፣ ቀኝ። ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ፣ ግራ። መጀመሪያ ስኔር ላይ ብቻ ምቱት። ቀጥሎ ቀኝ እጅ የሚመታውን ሁሉ ወደ ፍሎር ቶም፣ ወደ ትልቁ ቶም፣ ውሰዱ፣ ግራው ስኔሩ ላይ ይቅር። እጅ አልተቀየረም፣ ድምፁ ግን ሌላ ሆነ። ቀጥሎ ከየአራቱ የመጀመሪያዋን ምት ብቻ አጠንክሩና ሌሎቹን አለስልሱ። ቀጥሎ ጠንካራዋን ምት ሲምባል ላይ ከኪክ ጋር አድርጓት። ከአንድ ልምምድ አራት ፊል ወጣ።

ቡድን መቀየርም አለ። በባሩ ውስጥ ያሉትን 16 ምቶች ሁላችንም በአራት አራት እንከፍላቸዋለን። በ3፣ 3፣ 3፣ 3፣ 4 ክፈሏቸው። ድምሩ ያው 16 ነው። የእያንዳንዱን ቡድን መጀመሪያ ቶም ላይ አጠንክሩ። ጆሮ መሬቱ የተንሸራተተ ይመስለዋል፣ በመጨረሻዋ አራት ይመለሳል። አጭር ናት፣ ግን የሰውን አንገት ታዞራለች። ሁለት እጅ ላይ አንድ ኪክ ጨምራችሁ "ቀኝ፣ ግራ፣ እግር" እያላችሁ በሦስት ብትዞሩም እንዲሁ ነው። ይህን አመታት የሌድ ዜፕሊኑ ጆን ቦናም ዝነኛ አድርጎታል።

የቢትልሱ ሪንጎ ስታር ፊሎች ደግሞ ሌላ ነገር ያስተምራሉ። ሪንጎ ግራኝ ነው፣ የሚጫወተው ግን ለቀኝ እጅ ሰው በተደረደረ ድራም ላይ ነው። ቶሞቹን ሲዞር እጁ እንደ ሌላው ሰው አይሄድም፣ ክፍተት ይፈጠራል። ያ ክፍተት የእሱ ድምፅ ሆነ። እናንተም ሁሌ ከትንሹ ቶም ጀምራችሁ ወደ ፍሎር ቶም የምትወርዱ ከሆነ አንድ ቀን ከፍሎር ቶሙ ጀምራችሁ ውጡ። ወይም በግራ እጃችሁ ጀምሩ። ፊሏ ትሰናከላለች፣ ከዚያ የራሷን መንገድ ታገኛለች። ከተለማመዳችሁት ፊል ላይ ሁለት ምት አውጥታችሁ ባዶ መተውም ይቻላል። ባዶዋ ቦታ ላይ ሰው ይተነፍሳል።

አሁን ወደ ቢቱ ልመለስ፣ ምክንያቱም ልቤ ያለው እዚያ ነው። አንድ ድራመር በአምስት ደቂቃ ዘፈን ውስጥ ፊል የሚመታው ተደምሮ ከአንድ ደቂቃ በታች ነው። የቀረው ጊዜ በሙሉ ቢት ነው። ደረቅ ቢት ይዞ ጥሩ ፊል መፈለግ ሽሮው ጨው ሳይኖረው ቃሪያውን ማሳመር ነው።

ቢትን የሚያደርቀው አብዛኛውን ጊዜ ድምፁ ሁሉ እኩል መሆኑ ነው። ሃይ ሃቱ፣ ስኔሩ፣ ኪኩ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ጩኸት። ቡና ሲወቀጥ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ዘነዘናው ሙቀጫው ውስጥ ዱም ብሎ ይወርዳል፣ በመካከል የሙቀጫውን ጠርዝ ቀለል አድርጎ ይነካል። ያቺ ቀላል ንክኪ ናት ውቀጣውን ዘፈን የምታስመስለው። ድራም ላይ ይህች ንክኪ ጎስት ኖት ትባላለች። ስኔሩ ላይ ስቲኩን ከሁለት ጣት ስፋት በላይ ሳታነሱ በግራ እጅ የምትነኳት፣ ሰው ለብቻዋ የማይሰማት፣ ስትጠፋ ግን ቢቱ የሚቀዘቅዝባት ምት ናት። የጄምስ ብራውን ድራመር የነበረው ክላይድ ስታብልፊልድ የዚህ ነገር ጌታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 በተቀዳው "ፈንኪ ድራመር" ላይ የመታት ቢት በኋላ ሂፕሆፕ ውስጥ በብዛት ተቆርጠው ከተወሰዱት አንዷ ናት። እሱ ያደገው ቴነሲ ግዛት ቻታኑጋ ከተማ ነው፣ ምት የተማረውም ከአካባቢው ፋብሪካና ከባቡሩ ድምፅ እንደሆነ ይናገር ነበር። የእኛም ሰፈር ወፍጮ ቤት አለው፣ ሙቀጫ አለው። ጆሮ ብቻ ነው የሚፈልገው።

ሃይ ሃቱን ለሁለት ደረጃ ክፈሉት። በምቱ ላይ ያለውን በስቲኩ ጎን ጠንከር፣ በመካከል ያለውን በጫፉ ለስለስ። ይህ ብቻውን ቢቱን ያራምደዋል። በየአራት ወይም በየስምንት ባሩ መጨረሻ ሃይ ሃቱን ለግማሽ ምት ከፍታችሁ አንዱ ላይ ዝጉት። ይህች ትንሽ "ጽስስ" ፊል ሳትሆን የፊልን ሥራ ትሠራለች። የሮሊንግ ስቶንሱ ቻርሊ ዋትስ ደግሞ ስኔሩን ሲመታ ሃይ ሃቱን ያልፈው ነበር። ስኔሩ ብቻውን ይወጣል፣ ቢቱም አየር ያገኛል። አንድ ምት በመቀነስ የሚገኝ ሕይወት ማለት ይህ ነው። ግጥሙ ላይ ሃይ ሃት ከያዛችሁ አዝማቹ ላይ ራይድ የሚባለውን ትልቁን ሲምባል ያዙ። ኪኩን ከቤዝ ጊታሪስቱ ጋር ተስማሙበት። እንዲያውም ልምምድ ላይ ለአሥር ደቂቃ ሁለታችሁ ብቻ ተጫወቱ፣ ሌላው ቡና ይጠጣ። ሁለቱ ከተዋደዱ ቀሪው ይከተላል።

ስለ ራሳችን ምት ሳልናገር ብጨርስ ቅር ይለኛል። ከቪዲዮ የምንቀዳው ፊል አብዛኛው ለባለ አራት ምት ባር የተሠራ ነው። ችክችካ ግን በስድስት የሚሄድ ነው። አንድ-ሁለት-ሦስት፣ አራት-አምስት-ስድስት። እያንዳንዱን ለሁለት ስትከፍሉት ባሩ ውስጥ 12 ቦታ አለ። 16 ምት ያላት ሮል 12 ቦታ ውስጥ አትገባም። 4 ይተርፋል። ያ የተረፈው ወደሚቀጥለው ባር ይፈስና አንዱን ይበላዋል። ሰርጉ ላይ እኔን ያገኘኝ ይኸው ነበር፣ ያኔ ግን አልገባኝም ነበር።

ለችክችካ የሚስማማው በስድስት የሚሄድ እጅ ነው። ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ፣ ቀኝ፣ ግራ፣ ግራ። ፓራዲድል-ዲድል ይሏታል። ሁለት ጊዜ ስትመቷት 12 ሞላ፣ አንዱ ላይ ቁጭ። ከዚህ የበለጠ የምወደው ሌላ ነገር አለ። ስድስቱ ሦስት-ሦስት ሆነው በሁለት ይከፈላሉ፣ ክብደቱ አንድና አራት ላይ ነው። ነገር ግን ሁለት-ሁለት ሆነው በሦስትም ይከፈላሉ፣ ያኔ ክብደቱ አንድ፣ ሦስትና አምስት ላይ ይሆናል። እስከ መጨረሻዋ ባር ድረስ በመጀመሪያው ሂዱ። በመጨረሻዋ ባር ቶሞቹን በሁለተኛው አከፋፈል ምቱ፣ ሦስት ወፍራም ምት ብቻ። እስክስታ የሚመታው ሰው ትከሻው ይንጠለጠላል። አንዱ ላይ ስትመለሱ ይወርዳል። ሦስት ምት ናት፣ ማንም ይመታታል፣ ግን ከማንኛውም ፈጣን ሮል በላይ ትሠራለች። አታብዟት፣ በዘፈን አንዴ ወይም ሁለቴ ይበቃል።

ድምፁንም ከከበሮ ውሰዱ። ከበሮ ሁለት ፊት አለው፣ ሰፊው ወፍራም ድምፅ ይሰጣል፣ ጠባቡ ቀጭን። ፍሎር ቶሙን እንደ ሰፊው፣ የትንሹን ቶም ወይም የስኔሩን ጠርዝ እንደ ጠባቡ አድርጋችሁ በሁለት ድምፅ ብቻ ፊል ሥሩ። ቶሞቹን በሙሉ ከመዞር የበለጠ የኛ ዘፈን ይመስላል። ማኅሌት የቆመ ሰው ደግሞ ስለ ጉልበት አጨማመር ከማንም የተሻለ ያውቃል። ቁም ዜማው ያለ ከበሮ ይባላል። ዝማሜው በመቋሚያ ይመጣል። መረግዱ ላይ ከበሮው ቀስ ብሎ ይገባል፣ ጽፋቱ ላይ ጭብጨባው ይጨመርና ይፈጥናል። ሁሉም ነገር ከመጀመሪያው አይወጣም። የዘፈን የመጀመሪያ ግጥም ላይ ክራሽ የሚያበዛ ድራመር ለመጨረሻው አዝማች ምን ይቀረዋል?

ፊል የት ይግባ ለሚለው ጥያቄ አዝማሪውን ስሙት። ግጥሙን ያወርዳል፣ ቤቱ ሲመታ ድምፁን ይተዋል፣ ማሲንቆው ይመልሳል። ማሲንቆው ድምፃዊው ላይ አይወጣም፣ እሱ የለቀቀውን ቦታ ይይዛል። እኛም ቦታችን ያው ነው። አንዳንድ ድምፃዊ የስንኙን መጨረሻ ይዞ ያንቆረቁረዋል፣ ጌጡ ያለው እዚያ ነው። በዚያ ሰዓት ቶም ላይ መዞር ጌጡን መሸፈን ነው። እንደዚህ ዓይነት ድምፃዊ ከሆነ ፊሏን አሳጥሩና ትንፋሹን ጠብቁ። ልምምድ ላይ በቀጥታ ጠይቁት፣ "ጋሼ፣ እዚህ ጋ ትይዛታለህ ወይስ ትለቃታለህ?" ብላችሁ። ማንም በዚህ አይቆጣም። እንዲያውም ብዙ ድምፃውያን ድራመር እንዲህ ብሎ ሲጠይቃቸው የመጀመሪያቸው ይሆናል።

ለመስማት ከፈለጋችሁ የዋልያስ ባንድን እ.ኤ.አ. የ1970ዎቹ ቅጂዎች ክፈቱ፣ ድራሙ ላይ ተማረ ሐረጉ ያለባቸውን። በመጀመሪያ ጊዜ ዘፈኑን ስሙ። በሁለተኛው ኪኩን ብቻ ተከተሉ። በሦስተኛው ሃይ ሃቱን ብቻ። በአራተኛው ፊሎቹ የት እንደሚገቡ በሰዓት ጻፉና ያ ቦታ ላይ ዜማው ምን እያደረገ እንደነበር ተመልሳችሁ ስሙ።

አንድ የመጨረሻ ነገር፣ ስለ ማረፊያው። ፊል ጨርሰን አንዱ ላይ ክራሽ መምታት እጃችን ላይ የተጣበቀ ልማድ ነው። በሚቀጥለው ልምምድ አንድ ዘፈን ምረጡና ክራሾቹን በሙሉ አውጡ። ፊሏን ምቱና አንዱ ላይ በኪክና በተዘጋ ሃይ ሃት ብቻ እረፉ። መጀመሪያ እጃችሁ ወደ ሲምባሉ ይሄዳል፣ መልሱት። ለሁለት ሳምንት እንዲህ ከተጫወታችሁ በኋላ ለመጨረሻው አዝማች አንዲት ክራሽ መልሱ። አንዲት ብቻ።